ስልክ፣ እርሳስና እምነት፦ ከኢንተርኔት በፊት ከየቤቱ የሠራው ቡድን

እስቲ አንድ ነገር በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ጊዜው 1960ዎቹ ነው፤ ቦታው እንግሊዝ አገር። አንዲት ሴት ቤቷ ሆና የአንድ ትልቅ ድርጅት ኃላፊን በስልክ እያነጋገረች ነው። ወሬው ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከበስተጀርባዋ የጽሕፈት መኪና ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። በስልኩ ማዶ ያለው ሰውዬ «ሥራ የበዛበት ቢሮ ነው» ብሎ ያስባል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቢሮ የሚባል ነገር የለም። ጸሐፊም የለችም። የሚሰማው ድምፅ አስቀድሞ በቴፕ የተቀዳ ነው። ስልኩ ሲጠራ ሴትየዋ ቴፑን ትከፍታለች፤ የሕፃን ለቅሶና የቤት ጫጫታ እንዳይሰማባት ነው።

ይገርማል አይደል? ግን ዛሬስ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ያልተነጠፈውን አልጋችንን በውሸት የመጻሕፍት መደርደሪያ ሥዕል እንሸፍን የለ? ያው ነው። መሣሪያው ተቀየረ እንጂ ጭንቀቱ አልተቀየረም።

በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን «ከቤት ሆኖ መሥራት» የሚባለውን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ነው የሰማነው። አዲስ ግን አይደለም። ተበታትኖ የሚሠራ ቡድን እንዴት እንደሚመራ፣ ምን ሲጎድለውስ እንደሚፈርስ፣ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ተሞክሯል። እናንተም ነገ አለቃችሁን በአካል ሳታዩ ልትቀጠሩ፣ ወይም አግኝታችኋቸው የማታውቁ ሰዎችን ልትመሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ማወቁ አይከፋም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በባቡር የመጣችው ልጅ

ባለ ቴፗ ሴት ስቴፋኒ ሸርሊ ትባላለች። በ1933 በጀርመን ዶርትሙንድ ከተማ ስትወለድ ስሟ ቬራ ቡክታል ነበር። አባቷ ዳኛ ነበሩ፤ ነገር ግን አይሁዳዊ በመሆናቸው ናዚዎች ሥራቸውን አሳጧቸው። በ1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ ወላጆቿ እሷንና ታላቅ እህቷን ወደ እንግሊዝ በሚሄድ ባቡር ላይ አሳፈሯቸው። ይህ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ከናዚ ግዛት ያወጣው ታዋቂ ጉዞ ነው። ስቴፋኒ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እህቷ ዘጠኝ። እንግሊዝ ውስጥ የማያውቋቸው ሰዎች ተቀብለው አሳደጓቸው።

«ሕይወቴ በከንቱ አልተረፈችም ማለት እንድችል መኖር አለብኝ» የሚለው ሐሳብ ዕድሜዋን ሙሉ አልተለያትም። ደጋግማ ተናግራዋለች።

ስቴፋኒ ሒሳብ ትወድ ነበር። ችግሩ፣ የምትማርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ በምትፈልገው ደረጃ አያስተምርም ነበር። ስለዚህ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደ ወንዶች ትምህርት ቤት እየሄደች ተማረች። በ18 ዓመቷ ለንደን ውስጥ ዶሊስ ሂል በሚገኘው የፖስታ ቤት ምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። ፖስታ ቤት ሲባል ደብዳቤ ማደል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ዘመን የእንግሊዝን የስልክ ሥራ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹም እዚያ ተሠርተዋል። ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች በሒሳብ ዲግሪዋን ያዘች።

ዕውቀቱ ነበራት፤ ዕድገቱ ግን አልመጣም። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ሴት መሆኗ ይገታታል። በ1962 «በቃ!» አለችና የራሷን ድርጅት መሠረተች። መነሻ ካፒታሏ ስድስት ፓውንድ ነበር። ቢሮዋ የመኖሪያ ቤቷ። የድርጅቷን የባንክ ሒሳብ ለመክፈት እንኳ የባለቤቷ ፈቃድ አስፈልጓታል፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ሥራ ለመጠየቅ ለየኩባንያው ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የለም። ባለቤቷ «ስቴፋኒ ከምትዪ ስቴቭ ብለሽ ፈርሚ» ሲል መከራት። ስቴቭ በእንግሊዝኛ የወንድ ስም ነው። ፊርማው ሲቀየር መልስ መምጣት ጀመረ። ሰዎቹ «አቶ ስቴቭ» ሴት መሆኗን የሚያውቁት በሯን ከፍታ ስትገባ ነበር።

ኮምፒውተር የሌለው የኮምፒውተር ኩባንያ

የሸርሊ ሐሳብ ቀላል ነበር። በአንድ በኩል ኩባንያዎች ፕሮግራመር አጥተዋል። በሌላ በኩል ሙያውን አጥርተው የሚያውቁ ሴቶች ሲያገቡ ወይም ሲያረግዙ ሥራቸውን እየለቀቁ ቤት ቀርተዋል። ችሎታቸው የትም አልሄደም፤ የጎደለው ወደ ቢሮ የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው። ታዲያ ሥራው ራሱ ወደ እነሱ ቢሄድስ?

እዚህ ላይ «በዚያ ዘመን ማን ቤቱ ኮምፒውተር ነበረውና?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። ማንም። ኮምፒውተር ማለት አንድ ሙሉ ክፍል የሚሞላ ውድ ማሽን ነበር። ነገር ግን ፕሮግራም መጻፍ ማሽኑ አጠገብ መቀመጥ አያስፈልገውም ነበር። ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ ፕሮግራመሯ ሥራውን በእርሳስና በወረቀት ትበትነዋለች። «ይህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ፤ ካልሆነ ወደዚያ» እያለች የሐሳቡን መንገድ በሣጥንና በቀስት ትሥላለች። ይህ ፍሎውቻርት ይባላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን እርምጃ ማሽኑ በሚገባው ኮድ በወረቀት ላይ ትጽፋለች። ወረቀቱ በፖስታ ወደ ኮምፒውተር ማእከል ይላካል። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ኮዱን በካርድ ወይም በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀዳዳ መልክ ይበሱታል። ከዚያም ስህተት እንዳይኖር ሁለተኛ ጊዜ ይበሱና ከመጀመሪያው ጋር ያመሳክሩታል።

አስቡት። አንድ ምልክት ብትሳሳቱ ስህተቱን የምታውቁት ፖስታው ሄዶ፣ ተበስቶ፣ ተሞክሮ፣ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ዛሬ በሰከንድ የምናርመው ነገር ያኔ ቀናት ይበላል። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች ሥራውን ከመላካቸው በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደጋግመው ያስኬዱት ነበር።

ሸርሊ አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥር ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስልክ ታገኛለሽ?» የሚል ነበር። ብዙ ቤት ስልክ ስላልነበረው ጥያቄው የምር ነው። ከፖስታና ከስልክ ሌላ የሚያገናኛቸው መሣሪያ አልነበረም። ሰዓት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር የለም፤ የቡድን የመልእክት መተግበሪያ የለም፤ ካሜራ የለም።

«ካላየኋቸው መሥራታቸውን በምን አውቃለሁ?»

ይህ ጥያቄ የሩቅ ቡድን የሚመራ አለቃ ሁሉ ሆድ ውስጥ ያለ ነው። ቢሮ ውስጥ አለቃው ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ያያል። ሰውዬው ይሥራ ይተኛ አያውቅም፤ ግን ያያል፣ ይረጋጋል። የሸርሊ ሠራተኞች የቱ ወንበር ላይ እንዳሉ ማየት አይቻልም። አንዷ ልጇን ስታስተኛ ትሠራለች፣ ሌላዋ ሌሊት። ታዲያ ምን አደረገች?

መልሷ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው እምነት ነው። «ሠራተኞችሽን እመኚ» የሚለውን መርሕ ይዛ ተነሣች፤ ሰዓታቸውን ለራሳቸው ተወችላቸው።

ሁለተኛው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እምነት ማለት ዝም ብሎ መልቀቅ አይደለም። ድርጅቱ ለደንበኛ ሥራ የሚወስደው በቁርጥ ዋጋ ነበር። ይህ ማለት ሥራው ከታሰበው በላይ ጊዜ ከፈጀ ኪሳራው የድርጅቱ ነው። ስለዚህ «ምን ይሠራል? መቼ ያልቃል? አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» የሚለው ከመነሻው በጽሑፍ መለየት ነበረበት። ከድርጅቱ ቀደምት ሥራዎች አንዱም የሶፍትዌር ሥራ እንዴት እንደሚመራና እንደሚመዘን የሚደነግግ ደንብ ማዘጋጀት ነበር። ደንቡን ለደንበኛ ሠሩት፤ ራሳቸውም ተጠቀሙበት። ሸርሊ እንደምትናገረው ያ ደንብ ኋላ ላይ በኔቶ ሳይቀር ሥራ ላይ ውሏል።

ልዩነቱን አያችሁት? የሚለካው የተቀመጡበት ሰዓት ሳይሆን የተረከቡት ሥራ ነው። ሥራው በግልጽ ከተጻፈ ሠራተኛዋን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ውጤቱ ራሱ ይናገራል። ሥራው በደንብ ካልተጻፈ ግን ቀኑን ሙሉ በካሜራ ብትጠብቋትም አይሆንም።

ከድምፅ የሚፈጥነው አውሮፕላንና የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ

ይህ ሁሉ ለትንንሽ ሥራ ብቻ የሚሆን ከመሰላችሁ ኮንኮርድን አስታውሱ። ኮንኮርድ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ የሠሩት፣ መንገደኛ ጭኖ ከድምፅ ሁለት እጥፍ ያህል ይፈጥን የነበረ አውሮፕላን ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1969 ነበር። የበረራውን መረጃ ለሚቀዳው «ጥቁር ሣጥን» ፕሮግራሙን የሠሩት እነዚሁ የሸርሊ ሠራተኞች ናቸው። ከእነሱ መካከል የነበረችው አን ሞፋት በ1966 ሕፃን ልጇን አጠገቧ አድርጋ ለኮንኮርድ ኮድ ስትጽፍ የተነሣችው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ።

በዚያ ዘመን የድርጅቱ ሠራተኞች ማንነትም ያስገርማል፤ ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በ1975 እንግሊዝ በፆታ ምክንያት አድልዎ ማድረግን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ሴቶችን ለመርዳት ታስቦ የወጣ ነው፤ ሴቶችን እየመረጠ የሚቀጥረው የሸርሊ ድርጅት ግን በዚሁ ሕግ ምክንያት በሩን ለወንዶች መክፈት ግድ ሆነበት። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ድርጅቱ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ቤቷም ቀላል አልነበረም። በ1963 የተወለደው አንድያ ልጇ ጃይልስ ከባድ ኦቲዝም ነበረበት። ድርጅቱንና የልጇን ሕመም አንድ ላይ ስትሸከም ኖራ እሷም ራሷ አንድ ወቅት ታማ ወድቃለች። ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። ከቤት የሚሠራ ሰው ቤቱን ከሥራው መለየት አይችልም፤ መሪውም ቢሆን። «ሰዓታችሁን እናንተ ምረጡ» የሚለው አሠራር የመጣው ከእንደዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ነው። አንድ ሥራ ለሁለት መካፈል፣ ትርፍ መካፈል የሚባሉትንም ቀድሞ የሞከረው ይህ ድርጅት ነበር።

ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ ቀጠለች። ከድርጅቱ አክሲዮን አንድ አራተኛውን ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ለሠራተኞቹ አስተላለፈች። ድርጅቱ በ1996 ወደ ለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲገባ 70 የሚሆኑ ሠራተኞች ሚሊዮነር ሆኑ። በስድስት ፓውንድ የተጀመረው ሥራ በከፍታው ዘመን ከ8,000 በላይ ሰዎችን ቀጥሯል። ሸርሊ ከሀብቷ አብዛኛውን ለኦቲዝም ምርምርና ለመሳሰሉት በጎ ሥራዎች ሰጥታ በ2025፣ በ91 ዓመቷ አረፈች።

ፔንዱለሙ

«ይህን ያህል ከሠራ ለምን ሁሉም አልተከተለውም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቀጣዩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ እንደ ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ ሲል የኖረ ነው።

በ1973 ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ የመኪና መጨናነቅ ተማርሮ «ሠራተኛውን ወደ ሥራው ከማጓጓዝ ሥራውን ወደ ሠራተኛው በሽቦ ብናጓጉዝስ?» አለ። በአንድ የመድን ኩባንያ ላይ ሞከረው፤ ሠራተኞቹ ቤታቸው አቅራቢያ በተከፈቱ ትንንሽ ቢሮዎች እንዲሠሩ ተደረገ። ውጤቱ ጥሩ ነበር፤ ኩባንያው ግን አልገፋበትም። በ1979 አይቢኤም የኮምፒውተር ኩባንያ አምስት ሠራተኞቹ ከቤት እንዲሠሩ መሣሪያ ተከለላቸው። በ2009 ከ386,000 ሠራተኞቹ 40 በመቶ ያህሉ ቋሚ ቢሮ እንደሌላቸው ይኸው ኩባንያ አስታወቀ። በ2017 ግን በሺዎች የሚቆጠሩትን «ወደ ቢሮ ተመለሱ» አላቸው። ሦስት ዓመት ሳይቆይ ኮሮና መጣና ዓለሙን በሙሉ እንደገና ቤት ላከው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከ1973 እስከ 2017 መሣሪያው በየዓመቱ እየተሻሻለ ነው የሄደው። መሣሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ፔንዱለሙ ወደ ኋላ ባልተመለሰ። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር።

ሙከራዎቹ ምን አሳዩ?

ደግነቱ ዛሬ ከግምት የተሻለ ነገር አለን። በ2010 መጨረሻ ሲትሪፕ የተባለው የቻይና የጉዞ ወኪል ሻንጋይ ውስጥ ከተመራማሪዎች ጋር ሙከራ ጀመረ። ከቤት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ የስልክ አስተናጋጆች በልደት ቀናቸው ተከፈሉ፦ ቀኑ ሙሉ ቁጥር የሆነ ቤቱ ሆኖ ይሠራል፣ ጎደሎ የሆነ ቢሮ ይቀራል። ለምን በልደት? ጎበዙን ከሰነፉ ማንም እንዳይመርጥና ንጽጽሩ ንጹሕ እንዲሆን ነው። ከዘጠኝ ወር በኋላ ቤት የነበሩት የሥራ ውጤት በ13 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ። አንደኛ፣ ቤት የነበሩት ሰዎች ከሥራ ውጤታቸው አንጻር ሲታይ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይባል የለ? ሁለተኛ፣ ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስን መረጡ። ዋነኛው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር።

ሌላ ጥናት በማይክሮሶፍት ኩባንያ ተሠራ። በ2020 አጋማሽ ድረስ ያለው የ61,182 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች የግንኙነት መረጃ ሲታይ፣ ሁሉም ቤት ሲገባ ሰዎች ከራሳቸው የቅርብ ቡድን ጋር ያላቸው ግንኙነት ጠበቀ፤ ከሌላ ክፍል ሰዎች ጋር ያለው ግን ሳሳ። በኮሪደር ላይ በአጋጣሚ ተገናኝቶ ሐሳብ መለዋወጥ ቀረ ማለት ነው።

በ2024 ደግሞ የዚያው የቻይና ኩባንያ ሁለተኛ ሙከራ ውጤት ወጣ። 1,612 ሠራተኞች ተሳትፈዋል፤ ከፊሎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከቤት ሠሩ። በሥራ ውጤታቸውም ሆነ በዕድገታቸው ልዩነት አልታየም። ሥራ የሚለቀው ሰው ግን በሦስተኛ ቀነሰ። የሚገርመው የአለቆቹ ነገር ነው፤ ከሙከራው በፊት «ሥራ ይቀንሳል» ይሉ የነበሩት ካዩት በኋላ በአማካይ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

እንግዲህ ነገስ?

ሁሉንም አንድ ላይ ስናየው የሸርሊ ታሪክ የሚለን ነገር ይገለጣል። ቢሮ ማለት ግድግዳና ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። ቢሮ ሳይጠየቅ በነጻ የሚሰጣቸው ነገሮች አሉ፦ ያልገባህን ጎረቤትህን ጠይቀህ መረዳት፣ አለቃ ድካምህን ማየቱ፣ ቡና ላይ የሚወራ ወሬ፣ «እኔም የዚህ ቤት ሰው ነኝ» የሚል ስሜት። ቡድኑ ሲበተን እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። የሩቅ ቡድን መሪ ሥራ የጠፉትን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሆን ብሎ መተካት ነው። ሸርሊ ያልገባውን ነገር በግልጽ በተጻፈ ሥራ ተካችው። ጥበቃውን በእምነትና በማመሳከር፣ የቤተኝነት ስሜቱን ደግሞ በአክሲዮን ተካችው። ብቸኝነቱና ከዕድገት መረሳቱ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ናቸው። ምናልባት መልሱን የምታመጡት እናንተ ትሆኑ ይሆናል።

ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ ድርጅት ኮድ የሚጽፍ፣ የሚተረጉም፣ ዲዛይን የሚሠራ ወጣት አለ። ድርጅቱ የአሜሪካ ከሆነ እዚህ ሲመሽ እዚያ ገና ይነጋል። ስብሰባው መሃል ላይ መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ይችላል። አለቃው ይህን አስቀድሞ አውቆ «ስብሰባው ቢያመልጥህ ውሳኔው በጽሑፍ ይደርስሃል» ካለው፣ መብራት መጥፋቱ ተራ ችግር ነው። ካላለው ግን ያው ወጣት ሰነፍ ይመስላል፤ እንዳይመስልም መደበቅ ይጀምራል።

ከዚያች ቴፕ ጋር የሚያገናኘንም ይኸው ነው። ስቴፋኒ ሸርሊ ቴፑን የከፈተችው እናት መሆኗ ቢታወቅ ሥራ እንደማይሰጧት ስላወቀች ነው። ለደንበኞቿ መደበቅ ነበረባት። ለእሷ የሚሠሩት ሴቶች ግን ልጅ እንዳላቸው ከእሷ መደበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ድርጅቱ የተሠራው ይህን አውቆ ነውና። አንድ ቀን እናንተም ቡድን ትመሩ ይሆናል። ያኔ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ የእኔ ሰዎች ከእኔ ለመደበቅ የሚከፍቱት ቴፕ አለ?